ከሰርቨሩ ጎን ደብተር ይኑር

ውድ የአይሲቲ መምህራን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች፣ ከየትምህርት ቤቱ የመጣችሁ ባልደረቦቼ፤ እንደምን አደራችሁ።

ይችን ዕቃ ይዤላችሁ መጥቻለሁ። ከኋላ ላላችሁት ላትታያችሁ ትችላለች፤ ከመዳፌ አትበልጥም። ራስበሪ ፓይ የምትባል ትንሽ ኮምፒውተር ናት። ውስጧ ኪዊክስ የሚባል ፕሮግራም አለ። ኪዊክስ ውክፔዲያን የመሰለ ትልቅ ድረ ገጽ በአንድ ፋይል ጠቅልሎ ይይዝና ያለ ኢንተርኔት ያሳያል። ከትምህርት ቤቱ ራውተር፣ ማለትም ኮምፒውተሮቹን እርስ በርስ ከሚያገናኘው ዕቃ ጋር በኬብል ታገናኟታላችሁ። ተማሪው ብራውዘር ከፍቶ አድራሻዋን ይጽፋል፤ ገጹ ይመጣለታል። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም ትሠራለች። ፓኬጅ መግዛት የለም።

እንዲህ ያለ ሰክተው የሚጠቀሙበት ሰርቨር፣ ማለትም ለሌሎች ኮምፒውተሮች ገጽ የሚያቀብል ማሽን፣ የዛሬ ፈጠራ አይደለም። በፈረንጆቹ 1998 ኮባልት የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አንድ ሰማያዊ ሳጥን አውጥቶ ነበር። ስክሪንም ኪቦርድም አልነበረውም። ከኋላው ባለች ትንሽ መስኮት አይፒ አድራሻውን፣ ማለትም በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር ያስገቡለታል፤ የቀረውን ከሌላ ኮምፒውተር ሆነው በብራውዘር ይጨርሱታል። ያኔም ቢሆን መትከሉ ቀላል ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ከተከልን በኋላ ያለው ነው።

በአንድ ትምህርት ቤት ሰርቨሯን 192.168.1.50 በሚል አይፒ አድራሻ ላይ አስቀመጥኳት። ቁጥሩን በትልቁ ጽፈን የቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍን። ከወራት በኋላ ስመለስ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ያንን ቁጥር ስትጽፍ ከኋላዋ ቆሜ አየሁ። የመጣላት የፕሪንተር ገጽ ነው። ቀለም እያለቀ ነው ይላል። ልጅቷ ዞር ብላ «ቲቸር፣ ዛሬም እምቢ አለ» አለችኝ።

«ዛሬም» ያለችው አንጀቴን በላው። ስንት ቀን ሞክራ ተመልሳለች ማለት ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቁጥሩን ሰርቨሯ ላይ ሞላሁ እንጂ ራውተሩ ላይ አላስያዝኩትም። መብራት ጠፍቶ ሰርቨሯ ተዘግታ ሳለ አዲስ ፕሪንተር መጣ፤ ራውተሩም ቁጥሩን ክፍት መስሎት ሰጠው። ስለዚህ አደራ፣ ከምንም በፊት ራውተሩ የሚያድላቸው ቁጥሮች ከየት እስከ የት እንደሆኑ እዩ። በአድራሻው መጨረሻ ከ100 እስከ 200 የሚያድል ከሆነ ሰርቨራችሁን 10 ላይ አድርጓት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መብራትን ካነሳሁ አይቀር፣ የዓለማችን የመጀመሪያው የድረ ገጽ ሰርቨር ስዊዘርላንድ ውስጥ ሰርን በሚባለው የምርምር ማዕከል የነበረ የዌብ ፈጣሪው የቲም በርነርስ ሊ ኮምፒውተር ነው። ላዩ ላይ በቀይ ቀለም «ይህ ማሽን ሰርቨር ነው፤ አታጥፉት» የሚል ወረቀት ተለጥፎበት ነበር። እናንተም ለጥፉ። የጽዳት ሠራተኛዋ ሶኬቱን ነቅላ ሌላ ነገር ብትሰካ አይፈረድባትም፤ ማን ነገራት?

ወረቀቱ ግን መብራት ሲሄድ አያድንም። ሰርቨሯ ሜሞሪ ካርዷ ላይ እየጻፈች ሳለ ድንገት ኃይል ከተቋረጠ ካርዱ ሊበላሽ ይችላል። ትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ካገኛችሁ ግዙ። ካላገኛችሁ ሁሉን ነገር ሌላ ካርድ ላይ ቀድታችሁ በፖስታ አድርጋችሁ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡ። ሰዓቷንም ተመልከቱ። ይቺኛዋ ሞዴል የሰዓት ባትሪ የላትም። ያለ ኢንተርኔት ስትነሳ መብራቱ የጠፋበት ሰዓት አካባቢ ላይ ትጀምራለች። ኋላ ችግር ፍለጋ ሎግ፣ ማለትም ሰርቨሯ የሠራችውን የምትመዘግብበትን ፋይል ስትከፍቱ ቀኑ ሁሉ ተዘበራርቆ ታገኙታላችሁ።

ፓስወርድ ላይ አልደራደርም። እስከ 2022 ድረስ የራስበሪ ፓይ ስርዓት ሲጫን ስሙም ፓስወርዱም ለሁሉም አንድ ነበር። የቆየ ካርድ የተሰጣችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ቀይሩ። በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ ካሜራና ራውተር የመሳሰሉ ብዙ ዕቃዎችን የያዘው ከፋብሪካ የመጣ ፓስወርዳቸው ስላልተቀየረ ነው። «እኛ ከውጭ ኢንተርኔት የለንም» አትበሉኝ። ጎበዝና ጉጉ ተማሪ ያለው ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንድ ሌላ ትምህርት ቤት ሄጄ ሰርቨሯን ጠየቅኩ። «ድሮ ነበረች» አሉኝ። ስፈልጋት ቁምሳጥን ላይ፣ የጠረጴዛ ጨርቅ ለብሳ አገኘኋት። ጨርቁን ሳነሳ አረንጓዴዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ትላለች። ጤነኛ ነበረች። የተከላት መምህር ተዛውሮ፣ ስልኩ ተቀይሮ፣ አድራሻዋንም ፓስወርዷንም የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ ነው። አንድ ዓመት ሙሉ መጻሕፍት በሆዷ ይዛ ማንም ሳይከፍታት ተቀመጠች። በዕድሜዬ ብዙ የተቃጠለ ዕቃ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ያዘንኩበት ግን የለም።

ስለዚህ ወንበራችሁ ላይ አንዳንድ ደብተር አስቀምጠናል። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የሰርቨሯን አድራሻ፣ የተሰካችበትን የራውተር ቀዳዳ፣ ሁለተኛው ካርድ ያለበትን መሳቢያ ጻፉ። ፓስወርዱን ደብተሩ ላይ አትጻፉ፤ በታሸገ ፖስታ ለርዕሰ መምህሩ ስጡ። ከዚያ በኋላ የነካችሁትን ሁሉ ከነቀኑ መዝግቡ። ከሻይ በኋላ ስንመለስ ደብተር እንለዋወጣለን። ጎረቤታችሁ ምንም ሳይጠይቃችሁ፣ የእናንተን ደብተር ብቻ አንብቦ ሰርቨራችሁን ያስነሳል።