ቦዩ የማን ገንዘብ ነው? የሕዝብ ፋይበር በምን ገንዘብ ይዘረጋል

[ምስል፦ ከመንገድ ዳር የተቆፈረ ጠባብ ቦይ። ውስጡ ብርቱካናማ ቱቦ ተጋድሟል። ከጀርባው ለጤፍ የታረሰ ማሳ።]

ክረምት ሊገባ ሲል ብቸና ሄጄ ነበር፤ አጎቴ ዘንድ። ከማሳቸው ጥግ ወገብ የሚደርስ ቦይ ተቆፍሯል። ጋሼ በዱላቸው ቱቦውን ነካ ነካ አደረጉና «ይሄ የማን ገንዘብ ነው?» አሉኝ።

«የመንግሥት ነዋ» አልኩ።

«መንግሥትስ ከየት አመጣው?»

ዝም አልኩ። ስለ ቴክኖሎጂ እያወራሁ የምኖር ሰው፣ ዝም አልኩ። ይህን ቪዲዮ የሠራሁት ለዚያች ጥያቄ ነው።

[ምስል፦ የፋይበር ክር ከሰው ፀጉር ጎን ለጎን።]

ፋይበር እንደ ፀጉር የቀጠነ መስታወት ነው። ብርሃን በውስጡ ያልፋል፤ የኢንተርኔቱ መረጃ የሚጓዘው በዚያ ብርሃን ነው። ክሩ ያን ያህል ውድ አይደለም። ውዱ ቁፋሮው ነው። ድንጋዩን መፈንቀል፣ ማሽን፣ ነዳጅ፣ የቀን ሠራተኛ፣ ለተነካው መሬት ካሳ። ጮቄን አስቡት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። የዓባይን በረሃ አስቡት፤ ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ደጀን ላይ የሚወጣ መስመር ስንት ቋጥኝ ያቋርጣል?

ይህ ሁሉ ወጪ የሚወጣው ገና አንድ ደንበኛ ሳይገኝ ነው። ገቢው ግን በየወሩ ጠብ ጠብ እያለ ነው የሚመጣው። ባሕር ዛፍ የተከለ ሰው ያውቀዋል። ችግኙና ጉልበቱ ዘንድሮ ነው፤ አጣናው ከዓመታት በኋላ።

እናም ሁለት ጥያቄ አለ። እስከዚያ ድረስ ገንዘቡን ማን ያስቀድማል? ደንበኛው ሳይመጣ ቢቀርስ ኪሳራው የማን ነው? ሰው ሁሉ የመጀመሪያውን ይጠይቃል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ነው።

[ምስል፦ የሕዳሴ ግድብ ከላይ ሲታይ።]

ቦንድ ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም። መጋቢት 24 ቀን 2003 የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ ከተቀመጠ ወዲህ ቦንድ ያልገዛ ቤት መፈለግ ይቀላል። ቦንድ ብድር ነው። ለመንግሥት ታበድራላችሁ፤ ጊዜው ሲደርስ ከነወለዱ ይመለስላችኋል። ቦንድ ስንገዛ ግን ግድቡ ወደፊት ስንት ብር ይሸጣል ብለን አላሰላንም። መንግሥትን አምነን ነው የገዛነው። ይህችን ልብ በሉልኝ፤ ወዲያው እመለስባታለሁ።

አሁን አሜሪካ እንሂድ። እዚያ ብዙ ከተሞች ኩባንያ እስኪመጣላቸው መጠበቅ ሰልችቷቸው ፋይበር ራሳቸው ዘርግተዋል። በጣም የሚታወቀው በቴነሲ ግዛት ያለችው ቻታኑጋ ናት። ከተማዋ እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የራሷ መብራት ኃይል አላት። ይህ ድርጅት ወደ 220 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦንድ ሸጠ። የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ 111 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ድጎማ ሰጠው። ድጎማው የተሰጠው ለኢንተርኔት አልነበረም። የኤሌክትሪክ መስመሩን ለማዘመን ነበር። ዛፍ ወድቆ ሽቦ ሲበጥስ ብልሽቱ የት እንዳለ መስመሩ ራሱ እንዲያውቅ፣ መብራቱንም በሌላ መንገድ አዙሮ እንዲሰጥ። ለዚህ ፋይበር ያስፈልጋል። ፋይበሩ ከተዘረጋ በኋላማ ኢንተርኔት ቢሸጥበት ምን ይጎዳል? እ.ኤ.አ. በ2010 ቻታኑጋ በአገልግሎት ክልሏ ላለ ደንበኛ ሁሉ በሰከንድ 1 ጊጋቢት የሚደርስ እጅግ ፈጣን ኢንተርኔት ማቅረብ ጀመረች።

ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ቦይ ሁለት ከፋይ አገኘ። የኢንተርኔት ደንበኛ ቢዘገይ እንኳ መብራቱ መስመሩን ይጠቀምበታል።

ሁሉም ግን እንዲህ አልቀናውም። ሁለት ከተሞችን ጎን ለጎን ላሳያችሁ።

[ምስል፦ ስክሪኑ ለሁለት ይከፈላል። በግራ ፕሮቮ፣ በቀኝ ሞንቲሴሎ።]

ፕሮቮ የዩታ ከተማ ናት። ወደ 39 ሚሊዮን ዶላር ተበድራ ፋይበር ዘረጋች። ለብድሩ ዋስ የሆነችው ከተማዋ ራሷ ነበረች። ገቢው ወጪውን አልሸፍን አለ። እ.ኤ.አ. በ2013 ኔትወርኩን ለጉግል ሸጠችው። በስንት? በ1 ዶላር። አልተሳሳትኩም፤ አንድ ዶላር። ዕዳው ግን ከከተማዋ ጋር ቀረ። ነዋሪው በየወሩ ከመብራትና ውሃ ሂሳቡ ጋር 5 ዶላር ከ35 ሳንቲም ይከፍል ነበር፤ ኢንተርኔቱን ተጠቅሞ የማያውቀውም ጭምር።

ሞንቲሴሎ በሚኒሶታ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 26 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ቦንድ ሸጠች። የእሷ ቦንድ ዋስትናው የኔትወርኩ ገቢ ብቻ ነበር። ሥራው ሲጀመር ነባሩ የስልክ ኩባንያ ፍርድ ቤት ገተራት። ክርክሩ ሥራዋን ሲያጓትት ኩባንያው ቁጭ ብሎ አልጠበቀም፤ የራሱን ፋይበር ዘረጋ። ከዚያ የዋጋ ፉክክር መጣ፤ ገቢው ቀለለ፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተማዋ ዕዳውን መክፈል አቆመች። ቦንድ የገዙት ሰዎች በመጨረሻ በ5.75 ሚሊዮን ዶላር ተስማምተው ተለያዩ። ነዋሪው ተረፈ፤ አበዳሪው ተቃጠለ።

ሁለቱም ቦንድ ነው። ልዩነቱ ያለው ዋሱ ላይ ነው። እንደ ሕዳሴው ቦንድ ማኅተም ያደረገው መንግሥት ወይም ከተማው ከሆነ ኪሳራው የግብር ከፋዩ ነው። ዋሱ ገቢው ብቻ ከሆነ ኪሳራው የአበዳሪው ነው፤ አበዳሪውም ያንን ስለሚያውቅ ከፍ ያለ ወለድ ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ባለሥልጣን «በቦንድ እንሠራዋለን» ሲል ከሰማችሁ «ዋሱ ማን ነው?» በሉት።

[ምስል፦ በእንግሊዝ ገጠር ገበሬዎች በማሳቸው ላይ ቱቦ ሲቀብሩ።]

ለእኛ የሚቀርበን ግን ይሄኛው ይመስለኛል። በሰሜን እንግሊዝ፣ ላንካሻየር ገጠር፣ ኩባንያዎቹ «አያዋጣንም» ብለው ትተዋቸው ነበር። ገበሬዎቹ ማኅበር አቋቋሙ። አክሲዮን ተሸጠ። ባለ መሬቱ መስመሩ በማሳው ሲያልፍ ካሳ አልጠየቀም። ብዙዎቹ በራሳቸው ትራክተር ቆፈሩ። በሌላ አነጋገር ደቦ ወጡ። ከላይ እንዳልኩት ውዱ ቁፋሮው ነው፤ ደቦው የቀነሰው እሱኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ንብረቱ የማኅበሩ እንጂ የመንግሥት አይደለም። ግን እንዴት ዝም ብዬ ልለፈው?

አሁን ወደ ቤታችን እንመለስ።

እኛ ጋ ማዘጋጃ ቤት ፋይበር አይዘረጋም። የሕዝብ ኔትወርክ ሲባል በዋናነት ኢትዮ ቴሌኮም ነው። ትልቁ የማስፋፊያ ገንዘብ ደግሞ ከቻይና በብድር ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከዜድቲኢ ጋር 1.5 ቢሊዮን ዶላር፣ በ2013 ደግሞ ከሁዋዌና ከዜድቲኢ ጋር 1.6 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ስምምነት ተፈረመ። ብድሩን ያመቻቸው ዕቃውን የሚሸጠው ወገን ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በሬ ሻጩ ራሱ «ገንዘብ የለህም? ችግር የለም፣ እኔ አበድርሃለሁ» ይላችኋል። ደስ ይላል። ግን ሌላ ሰው በረት ሄዳችሁ የተሻለ በሬ መምረጥ ቀረ።

ሌላም ጣጣ አለው። ደንበኛው የሚከፍለው በብር ነው፤ ዕዳው ግን በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ቀሪ ዕዳው በዶላር ሲታይ ንቅንቅ አላለም። በብር ሲታይ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

[ምስል፦ ስልክ የያዘ እጅ። ስክሪኑ ላይ የአክሲዮን ግዢ ገጽ።]

ከዚያ አክሲዮን መጣ። ጥቅምት 2017 ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን ለሕዝብ አቀረበ። የአንዱ ዋጋ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር፤ ሽያጩ በቴሌብር። ከቀረበው 100 ሚሊዮን አክሲዮን የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ ተሰበሰበ። አክሲዮን እንደ ቦንድ አይደለም። ያበደራችሁት ገንዘብ የለም፤ የገዛችሁት ድርሻ ነው። ሲያተርፍ ትካፈላላችሁ፤ ሲከስር «ገንዘቤን መልሱ» አይባልም።

ገንዘቡ ለማያዋጣ ገጠር እንዴት ይደርሳል? በብዙ አገር ኦፕሬተሮች ከገቢያቸው ጥቂት ያዋጣሉ፤ ያ ገንዘብ ለሩቅ ቀበሌ መስመር ይውላል። የእኛም የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ፣ ቁጥር 1148/2011፣ የሁለንተናዊ ተደራሽነት ፈንድ የሚል አለው።

አሁን ደግሞ ዓይናችንን ቀና እናድርግ። ከባሕር ዳር በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄደውን የከፍተኛ ኃይል መስመር ታውቁታላችሁ። በእንዲህ ያለ ምሰሶ አናት ላይ መብረቅ የሚከላከል ሽቦ ይታሰራል፤ በዘመናዊው ሽቦ ሆድ ውስጥ ፋይበር አለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል እንዲህ ያለውን ፋይበር ለቴሌኮም ያከራያል። የቻታኑጋ ብልሃት ማለት ይሄው ነው፤ ያለ አንድ ዶማ። ከምሰሶው እስከ ቀበሌው ያለችው መንገድ ግን ቁፋሮ ትፈልጋለች።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይከነክነኛል። ብድርም ይሁን ቦንድ የሚመለሰው ደንበኛ በየወሩ ሲከፍል ነው። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ ነበር። ምክንያቱን ለሌሎች እተዋለሁ። እኔ የማወራው ስለ ሂሳቡ ነው። በእነዚያ ወራት ፓኬጅ አልተሸጠም፤ ወለድ ግን ኔትወርክ ተዘጋ ብሎ አይቆምም።

[ምስል፦ ተራኪው ስልክ ሲደውል።]

ባለፈው ሳምንት ጋሼ ጋ ደወልኩ። «ብዙውን ጊዜ ብድር ነው» አልኳቸው። «ካርድ በሞሉ ቁጥር እርስዎም ትንሽ ትንሽ ይከፍሉታል።»

«እንዲያ ከሆነ የእኔም ነው ማለት ነው?»

«እንደዚያ ሊባል ይችላል።»

«እንግዲያውስ ለሰዎችህ ንገራቸው፤ ዝናቡ ሳይጠና መጥተው ይድፈኑልኝ። በሬዬ እግሩን ሊሰበር ነው።»