የሰፈር ታሪክ ፊልም ባለቤቱ ማን ነው? ከፒያሳ ዘጋቢ ፊልም ጀርባ ስላሉት ሰዎች የተደረገ ውይይት

ሀ፦ አድማጮቻችን እንደምን ሰነበታችሁ? የዛሬው ርእሳችን የሰፈር ታሪክ ዘጋቢ ፊልም ሲሠራ ከጀርባ ስለሚሰለፉት ባለሙያዎች ነው። ዳይሬክተሩ፣ አጥኚው፣ ካሜራማኑ፣ የድምፅ ባለሙያውና ኤዲተሩ ሥራውን እንዴት እንደሚካፈሉ፣ ፒያሳን ማሳያ አድርገን እንነጋገራለን።

ለ፦ ወደ ዳይሬክተሩ ከመግባታችን በፊት የፍሪጁን ነገር ንገራቸው፤ ሳትነግራቸው አላሳልፍህም።

ሀ፦ እሺ፣ አጠር አድርጌ ልናገር። ስለ ፒያሳ በሚሠራ አንድ ፊልም ላይ ስሳተፍ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ውስጥ ባለው ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ኖረው ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ሲፈርስ ወደ ኮንዶሚኒየም የገቡ አንዲት እናት ዘንድ ለቃለ መጠይቅ ሄድን። የድምፅ ባለሙያችን ገና በሩን እንዳለፈ ጆሮውን ቀስሮ ቆየና ፍሪጁ እንዲጠፋለት ጠየቀ። የፍሪጅ ሞተር ሰው እየተናገረ ሳለ እምብዛም አይታወቅም፤ ኤዲተሩ ግን አንዱን ንግግር ቆርጦ ከሌላው ሲያገናኝ እምምታው ከመካከል ይቋረጥና መቆረጡን ያጋልጣል። ስለዚህ ባለሙያችን ፍሪጁን ከሶኬት ነቀለና የመኪናውን ቁልፍ እዚያው ፍሪጁ ውስጥ አስቀመጠ።

ለ፦ ይህ የታወቀ የሙያው ዘዴ ነው፤ ያለ ቁልፉ መሄድ ስለማይችል ፍሪጁን መልሶ መሰካት አይረሳም።

ሀ፦ ይህን እኛ እናውቃለን፤ እማማ ግን አያውቁም። በመካከሉ ውኃ ሊያመጡልን ተነሥተው ፍሪጁን ሲከፍቱ፣ ከሽሮ ወጡ ጎን የማያውቁት ቁልፍ ተቀምጦ አገኙ። «ልጆቼ፣ ይህ ደግሞ የምን መተት ነው?» ብለው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

ለ፦ ጠበል አለማስረጨታቸው!

ሀ፦ ትንሽ ነው የቀራቸው። ምክንያቱን ስንነግራቸው ግን እስኪያነቡ ድረስ ሳቁ፤ ከዚያ በኋላ ከካሜራው ጋር መነጋገራቸውን ትተው ከእኛ ጋር መነጋገር ጀመሩ። ዶሮ ማነቂያ ሳሉ ከቤት ሲወጡ ቁልፋቸውን ለጎረቤት ይተዉ እንደ ነበር፣ አሁን ግን ከላይኛው ፎቅ የሚኖረውን ሰው ስም እንኳ እንደማያውቁ የነገሩን ያኔ ነው። ዳይሬክተሩ ካዘጋጃቸው ጥያቄዎች መካከል አንዱም ይህን አላወጣም ነበር። ስለዚህ የሰፈር ፊልም ዋናው ሰው የድምፅ ባለሙያው ነው እላለሁ።

ለ፦ በአንድ ቁልፍ ምክንያት?

ሀ፦ በቁልፉ ብቻ አይደለም። ፒያሳ የምስል ድኻ ሆና አታውቅም። የቦያጂያን ቤተሰብ ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ሲያነሣ ኖሯል፤ የፋሺስት ጣሊያን የመንግሥት ፊልም ድርጅት የነበረው ሉቼ ተቋምም ፊልም ቀርጿል። የሊስትሮውን የሣጥን ኳኳታ፣ የዶሮ ማነቂያን የጥሬ ሥጋ ቤቶች ጫጫታ፣ ማለዳ ከጊዮርጊስ የሚወርደውን ቅዳሴ ከታክሲው ጥሪ ጋር እንደ ተቀላቀለ የቀዳ ግን ማን ነው? ቤት ከፈረሰ በኋላ ፎቶ ይገኛል፤ ድምፁን ግን ቀድሞ የቀዳው ሰው ከሌለ ከየትም አታመጪውም።

ለ፦ በዚህ አልስማማም። ያለ አጥኚ ምስሉም ድምፁም ይዋሻል። ሉቼን ካነሣህ አይቀር፣ የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ የተቀረጸው ፊልም ወራሪው ሥርዓት ይዞ እንደ መጣ አድርጎ ያሳያል። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ንጉሠ ነገሥቱ ከከተማዋ ወጥተው፣ የአራዳ፣ ማለትም የዛሬዋ ፒያሳ፣ ሱቆች ተዘርፈውና ተቃጥለው እንደ ነበር የሚያስረዳ አጥኚ ከሌለ፣ ፊልም ሠሪው የወራሪውን ዓይን ተውሶ ሰፈሩን ይተርካል።

ሀ፦ እሱስ እውነት ነው።

ለ፦ «ፒያሳን የሠራው ጣሊያን ነው» የሚለውም እንዲሁ ነው። ስሙን የተወው ጣሊያን ነው፤ የጊዮርጊስ ካቴድራልና የእቴጌ ሆቴል ግን የምኒልክ ዘመን ሥራዎች ናቸው። የአራዳ ገበያም ቀድሞ የነበረ ነው፤ ጣሊያን ያደረገው የአገሬውን ሰው ገበያ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ ማዛወር ነው። በ1923 ዓ.ም. የቆመውን የምኒልክን ሐውልትም ነቅሎ ቀብሮት፣ ተመልሶ የቆመው ከነጻነት በኋላ ነው።

ሀ፦ ይህን ሁሉ በትረካ ብትጭኚው ተመልካቹ ይተኛል። እማማ በአንድ ዓረፍተ ነገር...

ለ፦ እማማ የማይነግሩህም አለ። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ብዙዎቹ የፒያሳ ቤቶች የቀበሌ ቤት ሆኑ። ኪራዩ እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ዘመናት ስለ ቆየ ቤቶቹን የሚያድስ አልነበረም። ይህን ሰንሰለት የዘለለ ፊልም የ2016ቱን ፈረሳ ከሰማይ ዱብ እንዳለ ነገር አድርጎ ያቀርበዋል። ተመልካቹ ያለቅሳል፤ ምን እንደ ሆነ ግን አይገባውም።

ሀ፦ በዚህ ረታሽኝ፤ ግማሹን ማለቴ ነው። ቀበሌ ቤት ስለ መኖር የሚያስረዳኝ ግን ቁጥር 47 ሳይሆን ዝናብ ሲመጣ ቆርቆሮው የሚያሰማው ድምፅ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚቀዳው የእኔ ሰው ነው።

ለ፦ የአንተ ሰው የሙዚቃ ፈቃድ ጣጣም አለበት። ከማህሙድ ሙዚቃ ቤት አካባቢ ቆሞ ሲቀዳ ከኋላ ዘፈን ከገባ፣ ፕሮዲውሰሩ በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ባለመብቱን ፍለጋ ይወጣል።

ሀ፦ ለዚህም እኮ ነው ጎበዝ የድምፅ ባለሙያ ባለ ሱቁን በትሕትና ቀርቦ ድምፅ ማጉያውን ለጥቂት ጊዜ እንዲያጠፋለት የሚለምነው። ከዚያም ቃለ መጠይቁ ሲያበቃ ሁላችንንም ዝም አሰኝቶ የቦታውን ጸጥታ ብቻ ይቀዳል። ኤዲተሩ የንግግር ስፌቶችን የሚሸፍነው በዚያ ነው።

ለ፦ ጊዜያችን አልቋል፤ ዳይሬክተሩን ገና አልነካነውም።

ሀ፦ ዳይሬክተሩ ስሙ ፖስተሩ ላይ በትልቁ ስለሚጻፍ ዛሬ ቢቀርበት አይጎዳም። የቡድኑን ሥራ ለመግለጽ ያህል፣ እሱ ማንን እንደምናናግር ይወስናል፤ ከተናገሩት ውስጥ ምን እንደሚቀር የሚወስነው ደግሞ ኤዲተሩ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በፊልሙ መጨረሻ የስም ዝርዝር ላይ የድምፅ ባለሙያው ከሾፌሩ በታች መጻፉ ነው።

ለ፦ አጥኚውም እኮ «ልዩ ምስጋና» ከሚለው ሥር ነው የሚገኘው! በፊደል ተራ ይጻፉ ብንልስ?

ሀ፦ በፊደል ተራ ከሆነ አጥኚው ከድምፅ ባለሙያው ሊቀድም ነው፤ አልቀበልም።

ለ፦ እንግዲያው በሚቀጥለው ክፍል ኤዲተር ጋብዘን እንጠይቀዋለን፤ ሁለታችሁንም ቆርጬ ልጣላችሁ ካላለ።