ከአናት ወደ ገንፎ
አራት ኪሎ አካባቢ ለሚሠሩ እናቶችና ለሕፃናት ማቆያ ሞግዚቶች የቀረበ ንግግር

እንደምን አረፈዳችሁ? ከኋላ የቆማችሁ፣ ከፊት ባዶ ወንበር አለ፤ ኑ፣ ግቡ። ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ አትሳቀቁ። የዛሬው ጉዳይ የእነሱ ነውና ቢያለቅሱም ቢስቁም መብታቸው ነው።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩ ጊዜ እናቴ ልታርሰኝ መጣች። ነጠላዋን ሳታወልቅ መጀመሪያ ያወጣችው በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ ነበር። ግማሹ ለእኔ ገንፎ፣ ግማሹ ለልጁ አናት። እርግብግቢቱን በቀስታ እያሸች ትመርቀዋለች። በእሷ አገር ጡት ሳይቀምስ አፉ ላይም ትንሽ ጠብ ይደረግለታል፤ እሱን እንኳ ለምኜ አስቀረሁት። እኔ ሥነ ምግብ ተምሬ ገና መመረቄ ነው፤ ሁሉን የማውቅ ይመስለኝ ነበር።

ስድስት ወር ሞላውና ምግብ አስጀመርኩት። ዱቄት በውኃ፣ አለቀ። እናቴ ሳህኑን አየችና «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ያለ ገንፎ ለእስረኛም አይሰጥ» አለችኝ።

ልክ ነበረች። ቅቤ ለልጅ ጭንቅላት እንደሚያስፈልግ እናቶቻችን አውቀዋል፤ የሳቱት በር ነው። አናት ላይ የተቀባ ቅቤ የራስ ቅልን አልፎ አንጎል አይደርስም። ገና ለተወለደ ሕፃን አፍም ከእናቱ ጡት፣ ያውም ከእንገሩ በቀር ምንም አይገባም። እኛ የተማርነው ደግሞ አናቱን ተውን፣ አፉን ተውን፣ ጊዜው ሲደርስም ገንፎውን ረሳነው።

አንጎል ውኃው ወጥቶለት ቢመዘን ከሚቀረው ውስጥ 60 በመቶ ያህሉ ስብ ነው። ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው የአንጎሉ መጠን የአዋቂውን 80 በመቶ ገደማ ይደርሳል። ይህ ሁሉ የሚገነባው ገና አፉ በደንብ ሳይፈታ ነው። የጡት ወተትም ይህን ያውቃል፤ ልጁ ከወተቱ ከሚያገኘው ኃይል ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ከስብ ነው። ጡቱ ሊያልቅ ሲል የሚወርደው ወተት ደግሞ ይበልጥ የወፈረና ስብ የበዛበት ነው። እባካችሁ አንዱን ጡት ሳይጨርስ ቶሎ ወደ ሌላው አታዙሩት።

እንግዲህ ግማሹ ኃይሉ ከስብ ከሆነ ምግብ የመጣን ልጅ በአንድ ጀንበር ወደ ቀጭን አጥሚት ስናወርደው ምን እንደሚሆን አስቡት። የስምንት ኪሎ ልጅ ሆድ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሩብ ሊትር ያህል ነው፤ አንድ የውኃ ብርጭቆ በሉት። በዚያች ብርጭቆ ልክ ውኃ የበዛበት ገንፎ ከሞላንበት ልጁ ጠግቦ ይራባል። ሆዱ ተነፍቷል፣ ክብደቱ ግን ፈቀቅ አይልም። እናትም «ይበላል እኮ!» ትላለች፤ ውሸቷን አይደለም።

አሁን ማንኪያ አስቡ። የሻይ ማንኪያ። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ይሰጣል፤ የዱቄቱ ስታርችም የሥጋው ፕሮቲንም በግራም 4 ብቻ። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ወይም ንጥር ቅቤ 40 ካሎሪ ገደማ ነው። ጡት የሚጠባ ከስድስት እስከ ስምንት ወር ያለ ልጅ ከተጨማሪ ምግብ በቀን የሚፈልገው 200 ካሎሪ ያህል ነው። አንዷ ማንኪያ አንድ አምስተኛውን ሸፈነች ማለት ነው፤ ቦታ ሳትይዝ። ወፍራሙን ገንፎ ደግሞ ታላላዋለች፤ ለመዋጥ እንዲመች ብለን ውኃ መጨመር አያስፈልገንም።

ሌላም ሥራ አላት። ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ያለ ስብ ሰውነት ውስጥ በደንብ አይገቡም። ካሮት፣ ጎመን፣ ዱባ ቀቅላችሁ ፈጭታችሁ ስትሰጡ ጠብታ ዘይት ከሌለበት ከድካማችሁ ብዙው ዳይፐር ላይ ይቀራል። ይቅርታ፣ ምግብ ቀርቦ ይህን ማንሳቴ።

«ስብ» ሲባል የከተማ ሰው ጆሮ ላይ የሚደውለው ኮሌስትሮልና ቦርጭ ነው። አልፈርድም፤ እኔም በየማለዳው የድል ሐውልቱን የምዞረው ለዚሁ ነው። ግን የእኛን ዳይት ለልጅ አናውርሰው። አንዲት እናት ለአንድ ዓመት ከሦስት ወር ልጇ ከሱፐርማርኬት ስቡ የወጣለት ወተት ስትገዛ አግኝቻት «ጤናማው ይሄ አይደለም ወይ?» ብላኛለች። ለእሷ ሊሆን ይችላል። ለልጇ አይደለም። ከአንድ ዓመት በፊት የላም ወተት የጡትን ቦታ አይተካም፤ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ደግሞ ስቡ ያልተነካ፣ የተፈላ ወይም የታሸገ ወተት ነው የሚሰጠው።

በ2008 ዓ.ም በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት ከመቶው 38ቱ መቀንጨር፣ ማለትም ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ማጠሩ፣ ታይቶባቸዋል። አዲስ አበባ ላይ 15 ያህል ነበር። ከሌላው ይሻላል ብለን ደረታችንን አንንፋ፤ ከመቶ 15 ማለት በአንድ ማቆያ ክፍል ሁለት ሦስት ልጅ ነው። መንስኤው ብዙ ነው፤ ሁሉንም በማንኪያ ዘይት እናስተካክላለን አልልም።

ሞግዚቶችን ለይቼ የጠራሁበት ምክንያት አለኝ። ሕጉ ከወሊድ በኋላ የሚሰጠው 90 ቀን ነው። ልጁ ገንፎ በሚጀምርበት በስድስተኛው ወር እናቱ ቢሮ ናት። ማንኪያው ያለው በእናንተ እጅ ነው፤ እናት የላከችው ምሳ ደረቅ ከሆነም የምትነግሯት እናንተ ናችሁ። አትፍሩ፣ ንገሯት።

የቱ ስብ? በመጀመሪያ የቤታችሁ። ቅቤ ካላችሁ ንጥሩ ይሁን፤ ለጋው ካልተፈላ ወተት ስለሚወጣ ለሕፃን አይሆንም። ቅመም የገባበት የወጥ ቅቤም ለእሱ አይደለም፣ ለብቻው አንጥሩለት። ሙዝና የረጋ ዘይት የተደባለቀበት ቅቤ ገበያ ላይ እንዳለ ታውቃላችሁና ከምታምኑት ሰው ግዙ። ዘይት ከሆነ የኑግ ወይም የሱፍ ፈሳሽ ዘይት ይመረጣል። የረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የሚረጋው ዓይነት ስብ ነው፤ ሌላ ከሌለ ግን ገንፎው ባዶ ከሚሆን እሱም ይግባ። ሳምቡሳና ችብስ ሲጠበስበት የዋለ ጥቁር ዘይት ግን በፍጹም።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ አቮካዶ ነው። በየጁስ ቤቱ በስኳር እየታሸ እኛ እንጠጣዋለን። ለልጅ ማብሰል የለ፣ ማጣፈጥ የለ፤ በሹካ ደፍጥጦ ማጉረስ ነው። የበሰለ እንቁላልም፣ ስቡ ያለው አስኳሉ ላይ ስለሆነ እሱን አትጣሉ።

ወደ ጾሙ ልምጣ፤ ብዙ ቤት ጉዳዩ እዚህ ላይ ይደናቀፋል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጹም አይባልም። ግን ድስቱ ይነካል፣ ማንኪያው ይነካል እየተባለ ሁለት ወር ሙሉ እንቁላልም ወተትም ከልጁ ይርቃሉ። መፍትሔው ትንሽ ድስት ነው፤ የልጁ ድስት፣ የልጁ ማንኪያ፣ የራሱ መደርደሪያ። ይህንንም የማትወጂ እናት ካለሽ አልጨቀጭቅሽም፤ የጾሙ ጓዳ ራሱ ስብ ሞልቶታል። ሰሊጥ አለ፣ ኑግ አለ፣ ኦሜጋ 3 የሚባለው ስብ ያለበት ተልባ አለ። ተለቅሞ፣ ታምሶ፣ ልሞ ተፈጭቶ ገንፎው ላይ አንድ ማንኪያ። ሳይፈጭ የሰጣችሁት ተልባና ሰሊጥ እንደገባ ይወጣል። ኦቾሎኒውን ጥሬውንም ቆሎውንም ለሕፃን አትስጡ፣ ያንቃል፤ ልሞ ተፈጭቶ በገንፎ ይቀጥን። የሻገተና የተጨማደደውን ደግሞ ልቀሙና ጣሉት።

አንድ ማንኪያ ደግ ነው ብዬ አራት አታድርጉበት። ዘይት ብረትም ፕሮቲንም የለውም። በእሱ ከጠገበ ምስሩን፣ ሥጋውን፣ እንቁላሉን ይተዋል። ለእያንዳንዱ ሳህን አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ገና ለጀመረው ግማሽ። ስኳርና ጨው አያስፈልግም፤ ማር ደግሞ ዓመት ሳይሞላው አይቀመስም።

ከበሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳህን ገንፎ አለ። ሁሉም ከአንድ ምጥን ዱቄት የተሠሩ ናቸው። አንዱ በውኃ ብቻ ነው፣ አንዱ ንጥር ቅቤ፣ አንዱ ሰሊጥ አለበት። ስትወጡ ከሦስቱም ቅመሱ። በውኃው ጀምሩ፤ እሱን ከመጨረሻ ካደረጋችሁት አይወርድላችሁም።