ታንታለም፦ ከቀንጢቻ ዓለት እስከ ንጹሕ ዱቄት

ክቡራን መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣

ታንታለም የተባለው፣ በኤሌክትሮኒክ መሣሪያዎች ውስጥ የሚያገለግለው ብረት (ሜታል) ማዕድን የሚወጣበት፣ በጉጂ ዞን የሚገኘው ቀንጢቻ በተነሣ ቁጥር «ታንታለሙን ለምን በጥሬው እንሸጣለን?» የሚል ጥያቄ አብሮ ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ፣ በማዕድኑና በንጹሑ ብረት መካከል ያለውን ሥራ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

ማዕድኑ የሚገኘው ፔግማታይት በተባለ፣ ክሪስታሎቹ ትላልቅ በሆኑ ዓለት ውስጥ ነው። የዓለቱ የላይኛው ክፍል በዘመናት ብዛት ልል አፈር ስለሆነ በቀላሉ ተዝቆ ይታጠባል። ታንታለም የያዘው ጥቁር ማዕድን ከኳርትዝ ከእጥፍ በላይ ስለሚከብድ፣ ማዕድን በሚለይበት ተንቀጥቃጭ ጠረጴዛ ላይ ነጩ አሸዋ ከውኃው ጋር ሲወርድ እርሱ ቀጭን ጥቁር መስመር ሠርቶ ለብቻው ይጓዛል። ቀጥሎ በማግኔት ይጣራል። እስከዚህ ያለውን በአገራችን ሠርተነዋል።

ከባዱ ሥራ ታንታለምን በዚሁ ማዕድን ውስጥ አብሮት ከሚገኘው ኒዮቢየም ከተባለ ሌላ ብረት መለየት ነው። ስዊድናዊው ኬሚስት ኤኬበርግ ታንታለምን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1802 ሲሆን፣ ሁለቱ የተለያዩ ንጥረ ነገሮች መሆናቸውን ጀርመናዊው ኬሚስት ሮዘ ያሳየው ግን በ1844 ነው፤ ጠባያቸው ይህን ያህል ይመሳሰላል። ዛሬ የተጣራው ማዕድን በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይሟሟል፤ ከዚያም ሁለቱ በኦርጋኒክ ፈሳሽ አማካይነት ይለያያሉ። ይህ አሲድ በቆዳ ዘልቆ የሰውነትን ካልሲየም የሚያስር በመሆኑ፣ ትንሽ ፍንጣሪው እንኳ ለሕይወት ያሰጋል፤ ስለዚህ የሠራተኛው ጥበቃና የፍሳሹ ማጣሪያ ከፋብሪካው ጋር አብረው መታቀድ አለባቸው፤ በእኔ እምነት ያለ እነርሱ ሥራው መጀመር የለበትም። የተለየው ታንታለም የፖታሲየም ጨው ከሆነ በኋላ በሶዲየም ወደ ታንታለም ዱቄት ይለወጣል። ታንታለም የሚቀልጠው በ3,017 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሆነ፣ የካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያከማች ትንሽ የኤሌክትሮኒክ ክፍል) ሠሪዎች ዱቄቱን ጨምቀው፣ ሳያቀልጡ በቫክዩም ምድጃ ያያይዙታል፤ ከዚያም በኤሌክትሪክ እጅግ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያለብሱታል፤ ኤሌክትሪኩን የሚያግደው ይህ ሽፋን ነው።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ይቀድማል። የቀንጢቻ ምርት ዩራኒየምና ቶሪየም ስላለበት ጨረር አመንጪ ነው፤ መጠኑ ከተወሰነው ወሰን ካለፈም ማጓጓዣው በጥብቅ ደንብ የታሰረ ይሆናል። ስለዚህ የማጣሪያ ፋብሪካ ከማለማችን በፊት ጨረሩን በየጭነቱ በትክክል መለካትን፣ ዩራኒየሙንም ቀንሶ ዝቃጩን በደኅና ማስቀመጥን እንቻል። ይህ ምርምር በዚህ ዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ እንዲጀመር የኬሚስትሪና የማዕድን ምሕንድስና ክፍሎችን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።