ወለል ላይ የተነጠፈው ወፍጮ

የተከበራችሁ እንግዶች፣ እንደምን አመሻችሁ።

ስለ መካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሲነሳ ንጉሡ፣ ጦረኛውና ግንቡ ቀድመው ይታዩናል። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለ ወፍጮ ነው። ወፍጮ ሲፈጭበት ባደረ ቤት ነው ያደግኩት። ለዚህም ይመስለኛል ይህን ታሪክ መጀመሪያ ሳነበው ሆዴ የባባው።

ቦታው እንግሊዝ ነው፤ ከለንደን በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ሴንት ኦልባንስ የምትባል ከተማ። ከተማዋ የአንድ ትልቅ ገዳም ግዛት ነበረች። መሬቱ የገዳሙ ነው፣ ገበያው የገዳሙ ነው፣ ወፍጮውም የገዳሙ ነው።

የዚያን ጊዜው ደንብ እንዲህ ነበር። ባለ መሬቱ ወንዝ ዳር የውሃ ወፍጮ ይተክላል። በግዛቱ የሚኖር ሰው እዚያ ብቻ ያስፈጫል። ከእህሉ ላይ የጌታው ድርሻ ይነሳል። በሰሜን እንግሊዝ አንዳንድ ቦታ ከ13 እጅ 1 እጅ ይወሰድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1086 ንጉሡ የአገሩን ሀብት ሲያስቆጥር ወደ 6,000 የሚጠጋ ወፍጮ ተመዝግቧል። ወፍጮ ትልቅ ገቢ ነበር ማለት ነው።

ከ13 አንድ ምን አላት ትሉ ይሆናል። እስኪ የገበሬውን ጎተራ እንየው። አንድ ቁና ዘርቶ አራት ካገኘ ደህና ዓመት ነው። ከአራቱ አንዱን ለዘር ያስቀምጣል። አሥራቱን ለቤተ ክርስቲያን ይሰፍራል። ስንዴ ካለው ለግብሩ ይሸጠዋል። ቤት የሚቀረው ገብስ፣ ባቄላና አተር ነው። ዳቦውም ከዚያው ነው፤ ወጡም ከጎመን ጋር የተቀቀለ አተር ነው። እንግዲህ ከዚህች ላይ ነው የወፍጮው የሚነሳው።

ስለዚህ ሰው ቤቱ መፍጨት ጀመረ። የእጅ ወፍጯቸው ከእኛ ይለያል። እኛ ጋ ሴቷ ተንበርክካ መጁን ትገፋለች። የእነሱ ሁለት ክብ ድንጋይ ነው፣ አንዱ ባንዱ ላይ። የላይኛው መሃሉ ላይ ቀዳዳ አለው፤ እህሉ በዚያ ይገባል። እጀታውን ይዞ ማዞር ነው፤ ዱቄቱ በዙሪያው ይወጣል። ክንድ ይገድላል። ግን ድርሻዬን የሚል የለም።

ገዳሙ ይህን አልወደደም። ከ1327 እስከ 1336 አበምኔት የነበረው ሪቻርድ ኦፍ ዋሊንግፎርድ ይባላል። የአንጥረኛ ልጅ ነው። የሂሳብና የከዋክብት ሊቅ ነበር፤ የሠራው ሰዓት ዛሬም ይወራለታል። ይህ ሰው የከተማውን ሕዝብ በክርክር ረታና የእጅ ወፍጮዎቹን አስሰበሰበ። ድንጋዮቹን አልጣላቸውም። የገዳሙን የእንግዳ ክፍል ወለል አስነጠፈባቸው። ሴቶቹ ሲያዞሩት የኖሩትን ድንጋይ መነኮሳቱ ይረግጡት ጀመር። ይህን ያህል የተማረ ሰው፣ ያውም ከድሃ ቤት የወጣ፣ ይህን ማድረጉን እስከ ዛሬ ልቀበለው አልቻልኩም።

ዓመታት አለፉ። በ1348 ታላቁ ወረርሽኝ ገባ። ከሕዝቡ ሲሶው፣ ምናልባትም ግማሹ አለቀ። የቀረው ሠራተኛ ጥቂት ስለሆነ ደመወዝ ከፍ አለ። በ1351 ሕግ ወጣና ደመወዝ ከወረርሽኙ በፊት ወደነበረበት ይመለስ ተባለ። አጫጅ በነሐሴ የመጀመሪያ ሳምንት በቀን 2 ሳንቲም ነው የሚከፈለው፤ ከዚያ በላይ መጠየቅ ያስቀጣል። ቀጥሎ ደግሞ ዕድሜው ከ15 በላይ በሆነ ሰው ሁሉ ላይ 12 ሳንቲም የነፍስ ወከፍ ግብር መጣ። የስድስት ቀን አጨዳ ነው! በሰኔ 1381 አገሩ ተነሳ።

የሴንት ኦልባንስ ሰዎችም ዊልያም ግሪንድኮብ የሚባል መሪ ይዘው ገዳሙ ገቡ። ወደዚያ ክፍል ሄዱ። የወፍጮ ድንጋዮቹን ከወለሉ ነቅለው አወጡ። ከዚያ ሰባበሩና ለያንዳንዱ ሰው ቁራጭ ቁራጭ አደሉት፤ ልክ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተባረከው ኅብስት ለምእመናን እንደሚታደለው። ይህን የጻፈው ቶማስ ዋልሲንገም የዚያው ገዳም መነኩሴ ነው፤ ለአመፀኞቹ አንዳች ርኅራኄ አልነበረውም። ያም ሆኖ ኅብስቱን ያነሳው እሱ ራሱ ነው። እነዚያ ከ50 ዓመት በፊት የተወሰዱ ድንጋዮች ናቸው። ከተቀባዮቹ ብዙዎቹ ወፍጮው ቤታቸው ሲፈጭ አላዩም፤ ከእናትና ከአያት የሰሙ ናቸው። አንድ ሰው ያችን ሻካራ ቁራጭ በእጁ ይዞ ወደ ቤቱ ሲሄድ ይታየኛል።

ድሉ አንድ ወር አልሞላም። ንጉሥ ሪቻርድ ሁለተኛ በሐምሌ ከተማዋ ድረስ መጣ። ሕዝቡ ከአበምኔቱ በግድ ያስጻፈው የመብት ደብዳቤ ተሻረ። ግሪንድኮብ ተሰቀለ።

ስላዳመጣችሁኝ ከልብ አመሰግናለሁ።