ዴድሊፍት በተከለከለበት ጂም ጠንክሮ መሥራት

[በምስል፦ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ። «ዴድሊፍት፣ ክብደት መጣል፣ ቾክ መጠቀም እና መጮኽ ክልክል ነው።»]

ከባድ ብረት ማንሳት የለመደ ሰው ይህን ሲያነብ መጀመሪያ ይናደዳል፤ ቀጥሎ አሠልጣኙ ዞር የሚልበትን ሰዓት ማጥናት ይጀምራል። ሁለቱም አያዋጡም። የሚያዋጣው ክልከላው ምን ፈርቶ እንደወጣ ማወቅ ነው። የጂም ባለቤቶች በአብዛኛው የሚፈሩት ድምፅን፣ የወለል መሰንጠቅን፣ ቆሻሻንና ወረፋን ነው። ጡንቻ ለመጠንከር ከእነዚህ አንዱንም አይፈልግም።

[በምስል፦ ብረት ከዳሌ ከፍታ ሲለቀቅ፣ በዝግታ]

ከዴድሊፍት እንጀምር፤ ብረትን ከወለል አንሥቶ ቀጥ ብሎ መቆም ማለት ነው። 100 ኪሎ ግራም ብረት ከ80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ቢለቀቅ ወለሉን የሚመታው ወደ 800 ጁል የሚጠጋ ጉልበት ይዞ ነው። ከታች ባለው ፎቅ ሰዎች የሚሠሩ ከሆነ ቅሬታው የት እንደሚደርስ መገመት አያስቸግርም። እንግዲህ ችግሩ ያለው ብረቱ ወለሉን በሚነካበት ቅጽበት እንጂ በማንሳቱ ላይ አይደለም።

ወለል የማይነካ ዴድሊፍት ደግሞ አለ፤ የሮማኒያ ዴድሊፍት ይባላል። ብረቱን በዳሌ ከፍታ ካለ መስቀያ ላይ ታነሡና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትላላችሁ። ጉልበታችሁን በትንሹ አጥፋችሁ፣ ጀርባችሁን ሳታጎብጡ ዳሌያችሁን ወደ ኋላ ትገፋላችሁ። ብረቱ ጭናችሁን እየታከከ ይወርዳል። የኋላ ጭናችሁ በደንብ ሲወጠር፣ ብዙውን ጊዜ ብረቱ ከጉልበት ትንሽ ዝቅ ሲል፣ ትመለሳላችሁ። መውረጃውን ሦስት ሰከንድ ስጡት። የምታነሡት ክብደት ከለመዳችሁት ያነሰ ይሆናል፤ አይክፋችሁ፣ የኋላ ጭንና መቀመጫ ሥራቸውን በሚገባ ያገኛሉ።

የሚጎድለው ብረቱን ከወለል ለማስነሣት እግር የሚገፋው ግፊት ነው። እሱን በቁጭ ብድግ ማካካስ ይቻላል። ከመጀመራችሁ በፊት ግን ኃላፊውን «ወለል ካልነካስ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ ከማስታወቂያው ይለሰልሳል።

[በምስል፦ ስሚዝ ማሽን]

አንዳንድ ቦታ ነፃ ብረት ጨርሶ የለም፤ ያለው በሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው ስሚዝ ማሽን ብቻ ነው። ብዙ ብረት አንሺዎች ይንቁታል። እኔ አልንቀውም፤ ሚዛን መጠበቅን ስለሚያቀል የፊት ጭንን እስኪዝል ለማሠራት እንዲያውም ይመቻል። እግራችሁን ከብረቱ ትንሽ ወደ ፊት አስቀድሙ፣ ማቆሚያዎቹንም ከመጀመራችሁ በፊት አስተካክሉ። በነፃ ብረት የያዛችሁትን ቁጥር ግን ወደዚህ አታምጡ። የተለመደው የውድድር ብረት ባዶውን 20 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የስሚዝ ብረት ግን ከማሽን ማሽን ይለያያል፣ አንዳንዱም በውስጥ ተቃራኒ ክብደት ስለተደገፈ በጣም ይቀላል።

[በምስል፦ የዳምቤል መደርደሪያ፣ የመጨረሻው 30 ኪሎ]

ዳምቤሉ፣ በአንድ እጅ የሚያዘው አጭር ብረት፣ 30 ኪሎ ላይ ቢያበቃስ? ሥራውን ለአንድ እግር ስጡት። የኋላ እግራችሁን አግዳሚ ወንበር ላይ አሳርፋችሁ፣ በሁለት እጃችሁ 30፣ 30 ይዛችሁ በፊተኛው እግር ቁጭ ብድግ በሉ። ያ እግር የ60 ኪሎ ግራሙንና የሰውነታችሁን ክብደት አብዛኛውን ክፍል ይሸከማል። ይህም ሲቀል ታች ላይ ሁለት ሰከንድ ቆዩ።

ጥናቶች እንደሚያሳዩት ቀላል ክብደት፣ አንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ሊያነሣ ከሚችለው 30 በመቶ ገደማ እንኳ ቢሆን፣ እስከ መድከሚያው ጫፍ ከተሠራበት ጡንቻን ከከባዱ ባልተናነሰ ያሳድጋል። ደስ የሚል ሥራ አይደለም፤ ያቃጥላል፣ ያስለፋል። ደግሞም ይህ የሚሠራው ለጡንቻ መጠን ነው፤ ለከፍተኛ ጉልበት ከባዱ ክብደት አሁንም ይበልጣል።

ቾክ የማግኒዢየም ካርቦኔት ዱቄት ነው፤ ላብ ይመጥጣል፣ ሁሉንም ነገር ነጭ በማድረጉም ይጠላል። ፈሳሹ ዓይነት አልኮሉ ሲተን እጅ ላይ ይደርቃል፣ አይበንም፤ ዱቄቱን የከለከለ ኃላፊ ይህን ሊፈቅድ ይችላል። እሱም ካልሆነ እጅን ከብረቱ ጋር የሚያያይዝ የጨርቅ ማሰሪያ አለ። ማሰሪያው የመዳፍን ሥራ ስለሚነጥቅ መጨረሻ ላይ ከፍ ብሎ ከተሰቀለ አግድም ብረት ላይ ተንጠልጥላችሁ ቆዩ።

ስለ ጩኸቱ ብዙ አልልም። ወገብን የሚያጸናው የተያዘው ትንፋሽ ነው፤ ድምፁ ትርፍ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ግን ትንፋሽ ከመያዙ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ሁለት ማሽን አፈራርቆ መያዝ በሚከለከልበት ቦታ ደግሞ አንድ አግዳሚ ወንበርና አንድ ጥንድ ዳምቤል ይበቃል፦ አንድ ዙር ደረት መግፋት፣ አንድ ዙር ወደ ወገብ መሳብ። ማንም አይቀየማችሁም።

[በምስል፦ የፓወርሊፍቲንግ መድረክ]

ይህ ሁሉ የማይፈታለት ሰው አለ፤ የፓወርሊፍቲንግ፣ ማለትም ከባድ ክብደት የማንሣት ውድድር፣ ተወዳዳሪ። ለእሱ ዴድሊፍት ከሦስቱ የውድድር ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ከወለል ማንሣት ደግሞ ከወለል በማንሣት እንጂ በሌላ አይለመድም። እሱ ሌላውን ሥራ እዚሁ እየሠራ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ብረት ወለል ላይ ማሳረፍ የሚፈቀድበት ቦታ ቢፈልግ ይሻለዋል።