ሰልፉን አሳዩኝ

እዚህ ጎንደር በኤፍኤም ሬዲዮ ቀርቤ ስለ ዲስቶፒያ ልቦለድ የአድማጮችን ጥያቄ ስመልስ ነበር። ዲስቶፒያ የምንለው ነገ ከዛሬ ብሶ የሚታይበትን፣ ሰው እንደ ዕቃ የሚቆጠርበትን ዓለም የሚተርክ ልቦለድ ነው። እኔ ሁለት እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ጽፌ፣ በራሴ ኪስ አሳትሜ፣ በፌስታል ተሸክሜ የሸጥኩ ሰው ነኝ። ስልኩ ሳያባራ ሰዓቱ አለቀ። በአየር ላይ የመለስኳቸውንም ያልደረስኩባቸውንም እዚህ አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ከማራኪ፦ ዲስቶፒያ ለመጻፍ ሳይንስ መማር ግድ ነው?

አይደለም። ረጅም ሰልፍ ላይ ቆመህ ካወቅህ ይበቃሃል።

ከአዘዞ፦ በ2100 ጎንደርን ሮቦቶች ሲገዟት የሚያሳይ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ጓደኞቼ አንብበው «አላስፈራንም» አሉኝ። ምን ጎደለው?

ሰልፉ ነዋ! ወንድሜ፣ እኛ ሮቦት የት አውቀን እንፈራለን? እኛ የምናውቀው «ሲስተም የለም» የሚለውን ነው። እስቲ ሮቦቶችህን ለጊዜው አስቀምጣቸውና ቅዳሜ ገበያ ውረድ። በርበሬ የሚሸጡ አንዲት እናት አስብ። በአንተ ዓለም ጠዋት ጠዋት አሻራ ያልሰጠ ሰው መደብ አይዘረጋም እንበል። እናታችን አውራ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ ያደርጋሉ። ማሽኑ ዝም። በቀሚሳቸው ጠርገው ይደግማሉ። አሁንም ዝም። ዕድሜ ልካቸውን ሲፈጩና ሲያጥቡ አሻራው አልቋል። (የጉልበት ሥራ አሻራን እንደሚያደበዝዝ የፈጠርኩት አይደለም፤ እውነት ነው።) መስኮቱ ላይ ያለው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ክፉም አይደለም። ከወንበሩ ተነስቶ «እማማ፣ ሲስተሙ አላወቀዎትም፤ ነገ ይሞክሩ» ይላቸዋል። ይሄኔ ከኋላ የተሰለፈው ሰውዬ «ኧረ ቶሎ በሉ እናንተ!» ይላል። እኔ የምፈራው ያንን ከኋላ የቆመውን ሰውዬ ነው።

አንድ አባት ከደብረ ብርሃን ሥላሴ አካባቢ፦ ልጄ፣ ይሄ የምትለው እኛ ስምንተኛው ሺህ የምንለው አይደለም እንዴ? አዲስ ነገር አስመሰልከው።

እውነትዎን ነው አባቴ፤ ግማሹ እሱ ነው። ፍካሬ ኢየሱስ የመከራውን ዘመን ይዘረዝርና ቴዎድሮስ የሚባል ደግ ንጉሥ ይነሣል ይላል። የቋራው ካሳም በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ስሙን የወሰዱት ከዚያው ትንቢት ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ስምንተኛው ሺህ ከላይ የታዘዘ ነው። ሰው ንስሐ ይገባ ይሆናል እንጂ አያስቀረውም። በእኛ ልቦለድ ግን መከራውን ያመጣው ሰው ነው፤ ፈርሞ፣ ማህተም መትቶ፣ ሰልፍ አስይዞ። ስለዚህ ማን እንደፈረመ የማሳየት ግዴታ አለብኝ። ትንቢት የሚጽፍ ሰው ይህ ዕዳ የለበትም።

ከፒያሳ፦ ለማንበብ በየትኛው ልጀምር?

በሩሲያዊው ዛምያቲን። «እኛ» የሚለው ልቦለዱ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1924 በእንግሊዝኛ ትርጉም ነው፤ አገሩ ላይ እስኪታተም 1988 ደረሰ። ሰውዬው የመርከብ መሐንዲስ ነበር። ባለታሪኮቹ ስም የላቸውም፤ ቁጥር ናቸው። የሚኖሩት በመስታወት ቤት ነው። እያንዳንዱን ጉርሻ 50 ጊዜ እንዲያላምጡ ታዘዋል። 50 ጊዜ! ሠርግ ቤት ጉርሻ ሲቆጠርብህ አስበው። በማላመጥ ብቻ አስፈራኝ። ከዚያ ወደ እንግሊዛዊው ደራሲ ኦርዌል፣ «1984» ወደሚለው ልቦለዱ እለፍ። እሱም እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1943 ቢቢሲ ሬዲዮ ሠርቷል። (ይህን ስል አዘጋጁ አልሳቀም።)

በአጭር መልእክት፣ አንዲት እህት፦ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ካነበብኩ ወዲህ ሦስት ሳምንት እንቅልፍ የለኝም።

እህቴ፣ አንድ ሁለት ሌሊት ቢሆን መጽሐፉ ነው እል ነበር። ሦስት ሳምንት ግን የመጽሐፍ ሥራ አይመስለኝም። እኔ ደራሲ ነኝ፤ ሐኪም አይደለሁም። ነገ ጠዋት ሆስፒታል ሂጂ፤ ሰልፉ ረዘመ ብለሽም እንዳትመለሺ።

ከሽንታ፦ ጋሼ፣ ረቂቄን ጨርሻለሁ። የዕቁብ ዕጣ ወጥቶልኛል። ከአጎቴ ትንሽ ተበድሬ 3,000 ቅጂ ላሳትም ነው። ብዙ ሲታተም ይረክሳል አሉኝ።

ተው! ተው ብያለሁ። ይህን ጥያቄ ያልሰማሁበት ወር የለም፤ በሰማሁ ቁጥር ሆዴን ይቆርጠኛል። ይረክሳል ያሉህ አልዋሹህም። የገጽ ቅንብሩና ማሽን ማሰናዳቱ ለ300ም ለ3,000ም ያው ነው፤ ለብዙ ሲካፈል ለአንዱ የሚደርሰው ያንሳል። ግን ያልተሸጠ መጽሐፍ ርካሽ የለውም።

የእኔን ስማ። የመጀመሪያውን መጽሐፌን 1,000 ቅጂ በብድር አሳተምኩ። በምርቃቱ ቀን 100 ያህል ሄደ። ዘመድ ነዋ! ከዚያ የጓደኛ ጓደኛ 60 ገዛ። ከዚያ ጸጥ። ማተሚያ ቤቱ ገንዘቡን ሙሉ አስቀድሞ ተቀብሏል፤ እኔም ናሙና ሳላይ ከፍያለሁ። ካርቶኑን ስቀደው ከገጽ 113 እስከ 128 ተዘቅዝቆ ታትሟል። አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ ያ አንዱ እጥፋት ተገልብጦ ገብቷል። በሁሉም ቅጂ! ካርቶኖቹን አልጋ ሥር ደረደርኩ፤ ክረምት ሲመጣ የታች የታቹን ሻጋታ በላው። አበዳሪዬ የአክስቴ ባል ነበሩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ለቅሶ ቤት በገቡ ቁጥር እኔ በጓሮ በር እወጣ ነበር።

ስለዚህ በብድር አታሳትም። የዕቁቡንም ብር ሙሉ አታፍስሰው። 200፣ ቢበዛ 300 አሳትመህ ራስህ ዞረህ ሽጥ፤ ካለቀ ትደግማለህ። ክፍያውን ከፋፍለው፦ ሲጀመር፣ ናሙናውን ስታይ፣ ስትረከብ። ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ናሙናውንም ሽፋኑን አይተህ «አማረ» ብለህ አትመልስ፤ ገጽ በገጽ ግለጠው። አከፋፋይ ብዙ ጊዜ የሚከፍልህ ከተሸጠ በኋላ ነው፤ ሳያስፈርሙ ካርቶን መስጠት የለም። ከሁሉ በፊት ደግሞ የማያውቁህ አምስት ሰዎች ረቂቁን ያንብቡልህ። እናትህ አይቆጠሩም።

ያለ ስም፦ የሰፈራችንን አንድ ሰው በእውነተኛ ስሙ አምባገነን አድርጌ ጽፌዋለሁ። ችግር አለው?

ስሙን ቀይር፣ ሰፈሩን ቀይር፣ መልኩንም ቀይር። ታትሞ ወጥቶ ከሆነ ግን እኔን ተወኝና ዛሬውኑ ጠበቃ አማክር።

ከቀበሌ 18፦ ልቦለዱን ኤአይ ቢጽፍልኝስ?

ማሽን ሰውን ሲገዛ የሚያሳይ መጽሐፍ ራሱን ማሽኑን ማስጻፍ? ትንሽ እፈር እንጂ። ደግሞስ እሱ መቼ ተሰልፎ ያውቃል?

ደግሞ ከአዘዞ፦ የመጀመሪያው መጽሐፍህ አሁን የት ይገኛል?

አልጋዬ ሥር። ከላይ ካሉት፣ ሻጋታ ካልነካቸው እሰጥሃለሁ። ገጽ 113 ላይ ስትደርስ ገልብጠህ ያዘው።